ጥቁር ቀለም በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ

ጥቁር ቀለም በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የጽሕፈትና የሥዕል መሠረት ሆኖ የኖረ ቀለም ነው። በ20ኛውና በ21ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ለብዙ ሠዓሊያን፣ የህትመት ባለሙያዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎች ራሱን የቻለ ርዕሰ ጉዳይ ሆኗል። ጥቁር በሥነ ጥበብ ውስጥ በሁለት መልኩ ይታያል። በመጀመሪያ ቁስ ነው፤ ጥላሸት፣ ከሰል፣ የተቃጠለ ሸክላ፣ የበግ ጠጉር፣ የማተሚያ ቀለም ሊሆን ይችላል። ከዚያም ትርጉም ነው፤ ሐዘንን፣ ሌሊትን፣ ዕውቀትን፣ የሰውን ቆዳና ማንነትን ያመለክታል። ይህ መጣጥፍ ሁለቱንም ያያል፤ ለቁሶቹ ምሳሌ የሚያደርገውም የሰሜን ሸዋን ደጋና ከሥሩ ያለውን የይፋት ቆላ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜና ትርጉም

በአማርኛ «ቀለም» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይሰይማል። አንደኛው ዓይን የሚለየው መልክ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር እንደሚባለው። ሁለተኛው ለመጻፊያ የሚያገለግለው ፈሳሽ ነው። በዐረብኛ ተመሳሳዩ ቃል ብዕርን ያመለክታል። በአማርኛ ቃሉ ከትምህርት ጋር በጥብቅ የተያያዘ ስለሆነ መደበኛ ትምህርት «የቀለም ትምህርት» ይባላል፣ ሊቅ የሆነ ሰው ደግሞ «የቀለም ቀንድ» ይባላል። ይህ አባባል የመጣው ጸሐፊዎች ቀለማቸውን በከብት ቀንድ ውስጥ ያስቀምጡ ስለነበር ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ጥቁር ቀለም ሲነሳ አብሮ የሚነሳው ጨለማ ብቻ ሳይሆን ንባብና ዕውቀትም ነው።

«ጥቁር» የሚለው ቃል በንግግር ውስጥ ብዙ ፍቺ አለው። «ፊቱ ጠቆረ» ሲባል ሰውየው ተከፋ ወይም ተቆጣ ማለት ነው። «ጥቁር እንግዳ» ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ፣ ስለዚህም በክብር መስተናገድ ያለበት እንግዳ ነው። «ጥቁር ዓባይ» የወንዝ ስም ነው። «ጥቁር አንበሳ» በ1936 የኢጣሊያን ወረራ ለመቃወም የተሰባሰቡ አርበኞች መጠሪያ ሲሆን ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ የሚገኝ ትልቅ ሆስፒታል ስም ሆኗል። «ከል» የሚባለው ደግሞ የሐዘን ልብስ ነው፤ ሰው ሲሞትበት ወገኑ «ከል ለበሰ» ይባላል። አንድ ቀለም ክብርንም፣ ቁጣንም፣ ሐዘንንም፣ ጀግንነትንም በአንድ ቋንቋ ውስጥ መያዙ ለሠዓሊያን ሰፊ መነሻ ሆኗል።

የሰውን የቆዳ መልክ ለመግለጽ ግን አማርኛ ጥቁርን ለሁሉም አይጠቀምም። «ቀይ»፣ «የቀይ ዳማ»፣ «ጠይም» እና «ጥቁር» እያለ ይለያል። በዚህ አከፋፈል ውስጥ ያደገ ኢትዮጵያዊ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ አሜሪካ ሲሄድ፣ በአገሩ «ቀይ» ወይም «ጠይም» ይባል የነበረው ሁሉ በአንድነት «ጥቁር» ተብሎ ይጠራል። ይህ የስያሜ ለውጥ በውጭ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሠዓሊያን ሥራ ውስጥ ከሚነሱት ዋና ጉዳዮች አንዱ ነው።

አካባቢው፦ ሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ

ሸዋ ሮቢት በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ ወደ 1,280 ሜትር ይጠጋል። መንገዱ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ጣርማ በር በኩል ያልፋል፤ በደብረ ሲና አድርጎ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከተራራው ጫፍ እስከ ሜዳው ያለው ገደል በአብዛኛው ከጥንት የእሳተ ገሞራ ፍሰት የተፈጠረ ጥቁር ድንጋይ (ባዛልት) ነው። በሜዳው ደግሞ ሲርጥብ የሚጣበቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር የዋልካ አፈር ይገኛል። ግራርና ሌሎች እሾሃማ ዛፎች የቆላው ዋና ዕፅዋት ናቸው።

ይፋት በታሪክ የታወቀ ስም ነው። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የይፋት ሱልጣኔት ማዕከል የነበረ ሲሆን፣ በአካባቢው የድንጋይ መስጊዶችና የከተማ ፍርስራሾች ተገኝተዋል። አርጎባዎች፣ አማራዎች፣ ኦሮሞዎችና አፋሮች ለዘመናት በንግድ የተገናኙበት ምድር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአንኮበር በታች የነበረው የአልዩ አምባ ገበያ ከባሕር ዳርቻ የሚመጣ ጨው፣ ከውስጥ የሚመጣ ቡና እና ሌሎች ሸቀጦች የሚለዋወጡበት ነበር። በዚሁ የንግድ መስመር ላይ ሰዎችም እንደ ዕቃ ይሸጡ ነበር። የባሪያ ንግድና ባርነት በኢትዮጵያ በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1942 ነው። በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች የቆዳ ጥቁረትና የባርነት ትዝታ በንግግር ውስጥ ተቆራኝተው ቆይተዋል፤ ይህም ከታች የሚነሳውን የሥዕል ጥያቄ ለመረዳት ያስፈልጋል።

ከይፋት ቆላ በላይ ባለው ገደል አናት ላይ የምትገኘው አንኮበር የሸዋ ነገሥታት ከተማ ነበረች። ከኢትዮጵያ ታዋቂ ሠዓሊያን አንዱ የሆነው አፈወርቅ ተክሌ በ1932 የተወለደው እዚያ ነው።

ጥቁር የሚገኝባቸው ቁሶች

የብራና ቀለም

በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የሚጻፉበት ጥቁር ቀለም መሠረቱ ካርቦን ነው። ጸሐፊው ከድስትና ከምጣድ ሥር ወይም ከኩራዝ ጢስ የተጠራቀመ ጥላሸት ይሰበስባል። ከዚህ ጋር እስኪከስል የተቆላ ገብስ ወይም ስንዴ ይቀላቅላል። ጥላሸቱ ከብራናው ጋር እንዲጣበቅ የግራር ሙጫ ይጨመርበታል። ድብልቁ በውኃ ተለውሶ ከተወቀጠ በኋላ ለወራት እንዲብላላ ይተዋል፤ ከዚያ ደርቆ ይቀመጣል፤ በሚፈለግበት ጊዜም በውኃ ይበጠበጣል። የአሠራሩ ዝርዝር ከቦታ ቦታና ከመምህር መምህር ይለያያል፤ ደቀ መዝሙሩም የሚማረው አጠገባቸው ሆኖ በማየትና በመሥራት ነው።

ጸሐፊው ከመቃ የተቀረጸ ብርዕ ይይዛል። አጠገቡ ሁለት ቀንዶች መሬት ላይ ተተክለው ይቆማሉ፤ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ቀይ ቀለም ይዟል። የጽሑፉ አካል በጥቁር ይጻፋል፤ የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም እንዲሁም የምዕራፍ መግቢያ በቀይ ይጻፋል።

የካርቦን ቀለም ሁለት ጠባይ አለው። በብርሃን ብዛት አይደበዝዝም፤ ስለዚህ በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደተዘጋጁ የተገመቱት የአባ ገሪማ ወንጌሎች ጽሑፍ ዛሬም ይነበባል። በሌላ በኩል ቀለሙ ወደ ብራናው ውስጥ ሰርጎ ስለማይገባ ከላይ ተኝቶ ይቀራል። ብራናው ሲታጠፍ ይፈረፈራል፣ ውኃ ሲነካው ይለቃል። በአውሮፓ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ከብረት ጨው የሚሠራ ቀለም ግን ተቃራኒ ጠባይ አለው፤ ውስጥ ድረስ ይነክሳል፣ ውሎ አድሮም ወረቀቱን ይበላዋል።

ከሰል

ከሰል እንጨት በቂ አየር በሌለበት ሁኔታ ሲሞቅ የሚቀረው ካርቦን ነው። በቆላው አገር አክሳዮች የተቆረጠውን እንጨት ከምረው በሣርና በአፈር ይሸፍኑታል፤ ጥቂት የአየር ቀዳዳ ብቻ ትተው ያቃጥሉታል። እሳቱ እንዳይነድ፣ ጢሱም እንዳይቋረጥ መጠበቅ የባለሙያው ሥራ ነው። በጆንያ ተሞልቶ በመንገድ ዳር የሚሸጠው ከሰል በአብዛኛው ለቡናና ለወጥ ማብሰያ ነው።

ለሥዕል የሚሆነው ከሰል በመርህ ደረጃ ከዚህ አይለይም፤ ልዩነቱ እንጨቱ ቀጭንና ለስላሳ መሆኑ ነው። ጣት የሚያህሉ ደረቅ ቅርንጫፎች ትንሽ ቀዳዳ ባለው ክዳን በተዘጋ ጣሳ ውስጥ ተደርድረው እሳት ላይ ይደረጋሉ፤ ከቀዳዳው የሚወጣው ጢስ ሲያበቃ ጣሳው እንደተዘጋ እንዲቀዘቅዝ ይተዋል። ከመቀዝቀዙ በፊት ከተከፈተ አየር ሲገባ ከሰሉ አመድ ይሆናል። በከሰል የተሣለ ሥዕል በጣት ሲነካ ስለሚጠፋ በመጨረሻ ማጣበቂያ ይረጭበታል። የከሰል ንድፍ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ተማሪው ብርሃንና ጥላን ለይቶ ማየት የሚለማመድበት መሠረታዊ ትምህርት ነው።

ሸክላ

ጀበና፣ ድስትና ምጣድ ጥቁር የሚሆኑት በእሳት ነው። ሸክላው ተቃጥሎ ገና ትኩስ ሳለ በቅጠል፣ በገለባ ወይም በሌላ በሚጨስ ነገር ሲሸፈን አየር ያንሰዋል፤ ጢሱ ውስጥ ያለው ካርቦንም ወደ ሸክላው ቀዳዳዎች ይገባል። ከመቃጠሉ በፊት ገላው በለስላሳ ድንጋይ የታሸ ከሆነ ጥቁሩ የሚያብረቀርቅ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በሸዋና በሌሎች አካባቢዎች «ጠይብ» እየተባሉ ከኅብረተሰቡ ሲገለሉ፣ በ«ቡዳ»ነትም ሲጠረጠሩ ኖረዋል። ጥቁሩን ጀበና ቤቱ ያላስገባ የለም፤ የሠሪዋ ስም ግን በዕቃው ላይ አይጻፍም። በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ውስጥ ሸክላን ወደ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ደረጃ ካደረሱት አፍሪካውያን መካከል በኬንያ ናይሮቢ በ1950 የተወለደችው ማግዳሊን ኦዱንዶ ትጠቀሳለች። ኦዱንዶ ሸክላዎቿን በእጅ ገንብታ፣ አለስልሳ፣ ጥቁር እንዲሆኑ አየር ባነሰበት እሳት ታቃጥላለች። አሠራሩ ከመንደሯ ጀበና ሠሪ አሠራር ጋር አንድ ዓይነት ሳይንስ ያለው ሲሆን፣ የኦዱንዶ ሥራዎች በታላላቅ ሙዚየሞች በስሟ ተቀምጠዋል። ይህ ንጽጽር በዕደ ጥበብና በሥነ ጥበብ መካከል ያለው ድንበር በቁሱ ሳይሆን በማኅበራዊ ግምት የተሠመረ መሆኑን ያሳያል።

ጠጉርና ጨርቅ

ከይፋት በላይ ያለው የመንዝ ደጋ በበግ እርባታና በሱፍ ሥራ ይታወቃል። ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሠራው ባና እና ዝተት ከብርድ መከላከያ ሲሆን፣ በርኖስ ደግሞ በደጋው የክብር ካባ ነው። የበጉ ጠጉር በተፈጥሮው ጥቁር ከሆነ ማቅለም ሳያስፈልገው ጥቁር ልብስ ይወጣዋል። በቆላው ጥጥ ይለበሳል፤ ጥቁር በጥጥ ልብስ ላይ የሚገባው በጥለት ወይም በሐዘን ጊዜ ነው። ስለዚህ ከደጋው ወደ ቆላው ሲወረድ ጥቁር ልብስ ትርጉሙን ይለውጣል፤ በላይ የሙቀትና የክብር፣ በታች የሐዘን ምልክት ይሆናል።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕልና በጠልሰም ውስጥ

በኢትዮጵያ ባህላዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጥቁር በመጀመሪያ ድንበር ነው። ሠዓሊው የፊትን፣ የዓይንንና የልብስን እጥፋት በጥቁር መስመር ይለያል፤ ሌሎቹ ቀለሞች በመስመሩ ውስጥ ይሞላሉ። ትልልቆቹ ዓይኖች ጎልተው የሚታዩት ዙሪያቸው በጥቁር ስለሚከበብ ነው። ደብተራዎች በሚያዘጋጁት የክታብ ጥቅልል ላይ ያሉት የጠልሰም ሥዕሎችም በጥቁርና በቀይ የተሠሩ ናቸው፤ ክፉውን መንፈስ አፍጥጠው የሚመልሱ ዓይኖች ይበዙባቸዋል።

ጥቁር በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ሌላም ሚና አለው። ሰይጣንና አጋንንት ብዙ ጊዜ ጥቁር ሆነው ይሣላሉ፤ ቅዱሳን ደግሞ ደመቅ ባለ መልክ ይታያሉ። ይህ ልማድ በክርስቲያኑ ዓለም የብርሃንና የጨለማ ምሳሌ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ነገር ግን የቆዳ ጥቁረት ከዝቅተኛ ደረጃ ጋር በተያያዘበት ኅብረተሰብ ውስጥ ምሳሌው ከምሳሌነት አልፎ ሰውን መመዘኛ ሊሆን ይችላል። የዘመናዊ ሠዓሊያን አንዱ ሥራ ጥቁርን ከዚህ ቦታ አውጥቶ የሰው አካል፣ የሌሊት ሰማይ ወይም የጽሑፍ ቀለም አድርጎ እንደገና ማሳየት ሆኗል።

በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ውስጥ

ትምህርት ቤቱና የእንጨት ህትመት

በ1958 በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት የተከፈተው የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በመሥራቹ ስም ይጠራል። በ1960ዎቹ ጀርመን ተወላጅ የሆነው የህትመት ባለሙያ ሃንሰን ባህያ በትምህርት ቤቱ የእንጨት ህትመት አስተምሯል። በእንጨት ህትመት ሠዓሊው የተስተካከለ ጣውላ ይቀርጻል፤ የተቀረጸው ጎድጓዳ ክፍል በወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ያልተነካው ገጽ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ይታተማል። ስለዚህ ሠዓሊው የሚቀርጸው ብርሃኑን ነው፤ ጥቁሩ ከመጀመሪያው አለ። በብራና ላይ ጥቁር በነጭ ላይ ይጨመራል፤ በእንጨት ህትመት ግን ነጭ ከጥቁር ውስጥ ይወጣል።

ከሃንሰን ባህያ ተማሪዎች አንዱ በ1941 የተወለደው ዘሪሁን የትምጌታ ነው። ዘሪሁን በኋላ በቀርከሃ ሰንጥቆች ላይ በሚሠራቸው ሥዕሎች የታወቀ ሲሆን የክታብ ዓይኖችንና ጠልሰሞችን ወደ ዘመናዊ ሥዕል አምጥቷል።

አፈወርቅ ተክሌና እስክንድር ቦጎሲያን

አፈወርቅ ተክሌ በ1947 የማዕድን ምህንድስና ሊማር ወደ እንግሊዝ ተላከ፤ እዚያ ሳለ ግን ወደ ሥዕል ትምህርት ዞረ። ከሥራዎቹ በስፋት የሚታወቀው በአዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ባለቀለም መስታወት ነው። በእንዲህ ያለ ሥራ መስታወቶቹን የሚያያይዙት ክፍሎች ብርሃን ስለማያሳልፉ ከውስጥ ለሚያይ ሰው ጥቁር መስመር ሆነው ይታያሉ። ድምቀቱን የሚሰጡት መስታወቶቹ ቢሆኑም ምስሉን የሚያነብበው ዓይን የሚከተለው መስመሩን ነው። አፈወርቅ በ2012 ዐረፈ።

እስክንድር ቦጎሲያን በ1937 በአዲስ አበባ ተወለደ። በለንደንና በፓሪስ ከቆየ በኋላ በ1960ዎቹ ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ አስተምሯል። በ1964 የሣለው «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» ዛሬ በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። በዚህ ሥራ ክንፍ ያላቸው ፍጥረታት በጨለማ መደብ ላይ ይበራሉ፤ ጨለማው ባዶ ቦታ ሳይሆን ሕይወት የሞላበት ዓለም ነው። እስክንድር ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። ሃዋርድ የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪካዊ ዩኒቨርሲቲ በመሆኑ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የጥቁር ሕዝቦች ሥነ ጥበብ መገናኛ ሆኗል። በ1950 የተወለደው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍም እዚያው ተምሯል፤ ወሰኔ የግዕዝ ፊደላትን እየሰበረና እየደራረበ በመሣል ይታወቃል። የብራናው ቀለም በእርሱ ሸራ ላይ ከቃልነት ወጥቶ ቅርጽ ይሆናል።

ጁሊ ምሕረቱ

ጥቁር ቀለምን ዋና መሣሪያዋ ካደረጉት ኢትዮጵያዊ ተወላጆች በዓለም ደረጃ የላቀ ዝና ያላት ጁሊ ምሕረቱ ናት። በ1970 በአዲስ አበባ ተወልዳ በ1977 ከቤተሰቦቿ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደች፤ ያደገችውም በሚሺጋን ግዛት ነው። በመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ሥራዎቿ የሕንፃዎችን ንድፍ ትደራርባለች፤ በላዩ በጥቁር ቀለም አጫጭር ጭረቶችን ታዘንባለች። ጭረቶቹ ከሩቅ እንደ ሕዝብ፣ እንደ ጢስ ወይም እንደ ወፍ መንጋ ይታያሉ።

በ2012 ባሳየችው «ሞጋማ» የተሰኘ አራት ክፍል ሥዕል የካይሮ ታህሪር አደባባይንና የአዲስ አበባ መስቀል አደባባይን ጨምሮ ሕዝብ የተሰበሰበባቸውን አደባባዮች ንድፍ አንዱን በሌላው ላይ ደርባለች። ከዚያ በኋላ የሕንፃዎቹን ንድፍ እየተወች ጥቁሩን ዋና አደረገች። በዚህ ዘመን ሥራዎቿ መሠረቱ የዜና ፎቶግራፍ ነው፤ ፎቶግራፉ ምን እንደሆነ እስከማይለይ ድረስ ይደበዝዛል፣ በላዩ በብሩሽ ጥቁር ቀለም ይገባል። የ2016ቱ «ኮንጀርድ ፓርትስ (አይ)፣ ፈርጉሰን» በአሜሪካ ፈርጉሰን ከተማ አንድ ጥቁር ወጣት በፖሊስ ከተገደለ በኋላ ከተነሳው ተቃውሞ በተገኘ ምስል ላይ የተሠራ ነው። በዚያው ዓመት የሠራችው «ኤፒግራፍ፣ ደማስቆ» ደግሞ በስድስት ሰሌዳ የታተመ ህትመት ነው። በእነዚህ ሥራዎች ጥቁር ሁለቱንም ድርሻ ይይዛል፤ እንደ ብራና ቀለም ይጽፋል፣ እንደ ጥላሸት ይሸፍናል። ተመልካቹ ከሥሩ የተቀበረ ክስተት እንዳለ ያውቃል፤ ማየት የሚችለው ግን ዱካውን ብቻ ነው። በ2023 «ከንጋትና ከማለዳ ጋር የሚራመዱ» የሚል ፍቺ ያለው የ2008 ሥዕሏ በኒው ዮርክ ጨረታ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል።

ፎቶግራፍ

በ1975 የተወለደው ሚካኤል ፀጋዬ በ2002 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሥዕል ተመርቆ፣ የዘይት ቀለም ጤናውን ስለነካው ወደ ፎቶግራፍ የዞረ ባለሙያ ነው። ከሥራዎቹ መካከል ከይፋት በላይ ያለችውን አንኮበርን የሚመለከት ተከታታይ ይገኛል።

በ1974 የተወለደችው አይዳ ሙሉነህ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሥርታለች። በ2016 ባቀረበችው «ዓለም ዘጠኝ ናት» በተሰኘው ተከታታይ የሴቶችን ፊት በነጭ፣ በሰማያዊና በቀይ ቀለም ትቀባለች። በ2018 ደግሞ በአፋር ዳሎል የውኃ ችግርን የሚያነሳ ተከታታይ ሠርታለች። በእነዚህ ምስሎች ቆዳ እንደ ተፈጥሮ ሀቅ ብቻ ሳይሆን እንደሚቀባ ሸራ ይታያል።

ጥቁር ቆዳን በፎቶግራፍ ማሳየት የቴክኒክ ጉዳይም ነበር። እንደ ኮዳክ ያሉ ኩባንያዎች የቀለም ፊልማቸውን ለረጅም ጊዜ የሚያስተካክሉት በነጭ ሴት ምስል ነበር። በዚህ ምክንያት ጠቆር ያለ ፊት ዝርዝሩን አጥቶ አንድ ወጥ ጥላ ይሆን ነበር። ነጭና ጥቁር ሰዎች አብረው ሲነሱ ችግሩ ይበልጥ ይጎላ ነበር።

የዛሬ ሥራዎች

በ1968 የተወለደው ኤልያስ ስሜ ከተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ሽቦ እየፈታና እየጠለፈ ትልልቅ ሥራዎችን ይሠራል። ሽቦዎቹን አይቀባም፤ የፕላስቲካቸው የራሱ ቀለም፣ ጥቁሩም ጭምር፣ የሥዕሉ ቀለም ይሆናል። ኤልያስና መስከረም አሰግድ የመሠረቱት ዞማ ሙዚየም በ2019 በአዲስ አበባ ተከፍቷል፤ ግድግዳዎቹ ከጭቃና ከጭድ የተሠሩ ናቸው።

በ1953 በወልዲያ የተወለደው ታደሰ መስፍን በገበያ ቆመው የሚሸጡ ሴቶችን እንደ ሐውልት አግዝፎ ይሥላል። በ1983 በአዲስ አበባ የተወለደው ተስፋዬ ኡርጌሳ ለብዙ ዓመታት በጀርመን ኖሮ የስደተኞችን አካል በሚያሳዩ ሥዕሎች ታውቋል፤ በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ አዳራሽ ስትሳተፍ የቀረበው የእርሱ ሥራ ነው። በሁለቱም ሠዓሊያን ሥራ የቆዳ መልክ አንድ ቀለም አይደለም፤ ቡናማ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴና ጥቁር ተደራርበው አንድ ፊት ይሆናሉ።

በዓለም ሥነ ጥበብ

በአውሮፓ ሥነ ጥበብ ጥቁር ለብቻው ርዕስ የሆነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ካዚሚር ማሌቪች በ1915 «ጥቁር ካሬ»ን አሳየ። ፈረንሳዊው ፒዬር ሱላዥ (1919–2022) ከ1979 ጀምሮ ሸራውን በሙሉ በወፍራም ጥቁር ቀለም እየሸፈነ፣ በቀለሙ ገጽ ላይ ያለው ሸካራነት ብርሃንን እንዴት እንደሚመልስ ያሳይ ነበር። የማብረቅ ጉዳይ በታሸ ጥቁር ጀበና ላይም የሚታይ ነው።

አሜሪካዊው ኬሪ ጀምስ ማርሻል (የተወለደው በ1955) ሰዎችን ፍጹም ጥቁር አድርጎ ይሥላል። ለዚህም ከአጥንት፣ ከካርቦንና ከብረት ኦክሳይድ የሚገኙ ሦስት ዓይነት ጥቁሮችን ይለያል፤ ሌሎች ቀለሞችንም እየጨመረ እርስ በርስ እንዲለያዩ ያደርጋል። ማርሻል ጥቁር የቀለም መጥፋት ሳይሆን በውስጡ ብዙ ዓይነት ያለው ቀለም መሆኑን በሥራው አስረድቷል።

በ2014 አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ «ቫንታብላክ» የተባለ፣ የሚያርፍበትን ብርሃን 99.965 በመቶ የሚውጥ ሽፋን አስተዋወቀ። ሽፋኑ የተሠራው ጥቃቅን የካርቦን ቱቦዎችን ጎን ለጎን በማቆም ነው። በ2016 ቀራጩ አኒሽ ካፑር በሥነ ጥበብ ውስጥ ለብቻው የመጠቀም መብት ማግኘቱ ሲሰማ ብዙ ሠዓሊያን ተቃወሙ፤ እንግሊዛዊው ስቱዋርት ሴምፕል ከካፑር በቀር ማንም ሊገዛው የሚችል በጣም ጥቁር ቀለም ሠርቶ አቀረበ። ክርክሩ አንድ ቀለም የአንድ ሰው ንብረት ሊሆን ይችላል ወይ የሚል ነበር። ቫንታብላክም ሆነ በድስት ሥር የተጠራቀመው ጥላሸት ንጥረ ነገራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ካርቦን ናቸው።

የሚነሱ ጥያቄዎች

ዕውቀቱን ማቆየት። በእጅ የሚዘጋጀው የብራና ቀለም በፋብሪካ ቀለም እየተተካ ነው። የፋብሪካው ቀለም ቶሎ ይገኛል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ በብርሃን ይደበዝዛሉ። ቀለሙን የማዘጋጀት ዕውቀት በቃልና በተግባር የሚተላለፍ ስለሆነ አንድ መምህር ያለ ተተኪ ሲያልፍ የራሱ አሠራር አብሮት ይጠፋል።

ከሰልና ደን። ግራር ለጥቁር ቀለም ሁለት ነገር ይሰጣል፤ ከሰሉንና ሙጫውን። ሙጫው ዛፉ ቆሞ ሳለ ይለቀማል፤ ከሰል ለማግኘት ግን ዛፉ ይቆረጣል። በአጎራባቹ የአፋር ቆላ የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የተባለ መጤ ዛፍ ለከሰል መዋሉ በአገር በቀሉ ዛፍ ላይ ያለውን ጫና ሊቀንስ ቢችልም፣ ከሰል ፈላጊ እስካለ ድረስ ግራሩም መቆረጡ አይቀርም። ለሥዕል የሚያስፈልገው ከሰል ከማገዶው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው፤ የተከረከሙ ቅርንጫፎች ይበቁታል።

ስምና ክብር። የብራና ጸሐፊው ስሙን አንዳንዴ በመጽሐፉ መጨረሻ ይጽፋል፤ ሸክላ ሠሪዋ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልነበራትም። ሙዚየሞች የሠሪውን ስም ከዕቃው ጋር መመዝገብ የጀመሩት በቅርብ ጊዜ ነው።

የቆዳ መልክ። ጥቁር በአማርኛ የክብርም የንቀትም ቃል ሆኖ መቆየቱ ሠዓሊው ፊትን በጥቁር ሲሥል ተመልካቹ ሁለቱን ትርጉሞች ይዞ እንዲቀርብ ያደርገዋል። በአገር ውስጥ የሚታየው ሥዕልና በውጭ የሚታየው ሥዕል አንድ ቢሆንም የሚነበበው ግን በተለያየ መንገድ ነው።

በኢትዮጵያ የሚታዩባቸው ቦታዎች

በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አካባቢ የሚገኘውና በ2008 የተከፈተው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ዘመናዊ ሥዕሎችን ያሳያል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የብራና መጻሕፍትን፣ ክታቦችንና የዕደ ጥበብ ዕቃዎችን ይዟል። አፍሪካ አዳራሽ የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት ይዞ በመስቀል አደባባይ አቅራቢያ ይገኛል። በሰሜን ሸዋና በይፋት ደግሞ ቁሶቹ ራሳቸው በየዕለቱ ይታያሉ፤ የባዛልቱ ገደል በጣርማ በር፣ የመንዝ ባና በደብረ ብርሃን ገበያ፣ ጥቁሩ ጀበናም ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ።